በከሰል ቤቱ በኩል

ኖርማን ቴትሎው በኬልበርን አስከሬን ማቃጠያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ማዘጋጃ ቤት ነኝ» ይልና ዝም ነው፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ ሰው ብዙ እንዳልሆነ ገና በወጣትነቱ ገብቶታል። ሣጥኑ ከጸሎት ቤቱ በመጋረጃው ሥር ሲያልፍ ከወዲያ ማዶ የሚቀበለው እሱ ነው። ስሙን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፣ ወደ እቶኑ ያስገባል፣ ሲያልቅ አመዱን አቀዝቅዞ በዕቃው ያደርግና ስም ይለጥፍበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ስም አሳስቶ አያውቅም፤ የሚኮራውም በዚህ ብቻ ነበር።

ሕንጻውን የከተማው ሰው «ግንቡ» ይለዋል። በ1903 የሠሩት ሰዎች ጭስ ማውጫው ጭስ ማውጫ እንዳይመስል ብለው በቀይ ጡብ ከፍ ያለ የደወል ቤት አስመስለው ሠሩት። ደወል ግን ተሰቅሎበት አያውቅም። በቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ አንድ ሚስማር ለመምታት እንኳ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነ።

ዕድሳቱን ያመጣው የሰው ጥርስ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሲሞላ ውስጡ ሜርኩሪ አለ፤ ሬሳው ሲቃጠል ሜርኩሪው በጭሱ ይወጣል። አዲስ ሕግ ወጣና ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ የሌለው ማቃጠያ ቤት እንዲዘጋ ታዘዘ። ማጣሪያው ከእቶኖቹ ይተልቃል፣ አሮጌዎቹ እቶኖች ደግሞ ከማጣሪያው ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ የውስጡ ነገር በሙሉ ሊቀየር፣ የውጪው መልክ ደግሞ ቅንጣት ታህል ላይቀየር ተወሰነ። ግንቡ ለአሥራ አንድ ወር ተዘጋ። የኬልበርን ሟቾች ወደ ጎረቤት ከተማ ሲወሰዱ ኖርማን ግን ከግንበኞቹ ጋር ቀረ።

«ካንተ በቀር የዚህን ቤት ቧንቧ የሚያውቁት ሁሉ እዚያ ናቸው፤» አለችው አለቃው ግሌኒስ ፓርፊት፣ አመድ የሚበተንበትን የጽጌረዳ ቦታ በመስኮቱ እያሳየችው።

ሥራው ከጣራው ጀመረ። የጣራው ድንጋይ አንድ በአንድ ቁጥር እየተጻፈበት ወረደ፤ በዚያው ቀዳዳ አዲሱ እቶን በክሬን ሊገባ ነው። በግንቡ ሆድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የብረት ቧንቧ ተለቀቀ። ጡቡ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ታጠበ። ከእቶኑ የሚተርፈው ሙቀት ጸሎት ቤቱን እንዲያሞቅ በወለሉ ሥር ቱቦ ሲዘረጋ፣ ግንበኞቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚቀልዱበት አገኙ።

«ሰው በገዛ አክስቱ ሊሞቅ ነው!»

«የኔዋ አክስት እንኳ በሕይወት ሳለችም ሙቀት አልነበራትም።»

በመጋቢት ወር አንድ አናጺ መጣ። ስሙ ጃያንት ሚስትሪ ነው፤ ስልሳ አምስት ዓመቱ፣ አጠር ያለ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ከምሥራቅ አፍሪካዋ ኪሱሙ ወደ ኬልበርን የመጣ፣ የሕንድ ዘር ያለው ጉጅራቲ ነው። አባቱም አያቱም አናጺ ነበሩ። እንዲሠራ የተሰጠው የጸሎት ቤቱን ሁለት ትልልቅ የወይራ መልክ ያላቸው የባሉጥ እንጨት በሮች ነበር፤ ግርጌያቸው በስብሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ጥሎ አዲስ ይገጥም ነበር። ጃያንት ግን የበሰበሰውን ብቻ እየፈለፈለ፣ በምትኩ ያረጀ እንጨት እየቀጠለ፣ መጋጠሚያው በጥፍር ቢፈለግ እንዳይገኝ አድርጎ ሠራው።

ኖርማን በየቀኑ በአሥር ሰዓት ሻይ ያፈላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ኩባያ ይዞለት ሄደ።

ጃያንት ቀምሶ ወደ ኩባያው አየ። «ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ጣውላ የሚቀባ?»

«ከፈለግክ በሩን ቀባበት።»

«ከዝናብ ይጠብቀው ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ ሻዩን አብረው መጠጣት ጀመሩ። ጃያንት ሚስቱ በአብሽ ቅጠል የለወሰችውን ስስ ቂጣ፣ በዘይትና በበርበሬ ከተቀመጠ ማንጎ ጋር ይዞ ይመጣል። ኖርማን መጀመሪያ ቀን ማንጎውን ሲጎርስ ዓይኑን እንባ ሞላው።

«እሳት ፊት ዕድሜህን ፈጅተህ ማንጎ አቃጠለኝ ትላለህ?» ጃያንት ሳቀ።

«እሳቱን አልበላውም እኮ!»

በሚያዝያ መጨረሻ ግን ችግር መጣ። በአዲሱ ንድፍ ቤተሰብ ሣጥኑ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚያይበት ክፍል ነበር። ኬልበርን ውስጥ ሂንዱዎችና ሲኮች በርክተዋል፤ የከተማው ምክር ቤት ይህን ክፍል ቃል ከገባላቸው አራት ዓመት ሆኖታል። አርክቴክቱ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል ወደ እቶኑ ክፍል ግድግዳውን በስቶ መስታወት ሊያስገባ አስቦ ነበር። ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴ ሸክላ ንጣፍ የተሸፈነ፣ መሐል መሐሉ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ነው። የምክር ቤቱ የቅርስ ባለሙያ ኢሞጀን መጥታ አየችው። ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሁልጊዜ የጭቃ ቦት ጫማ አድርጋ፣ የእጅ ባትሪ በኪሷ ይዛ ነው የምትመጣው።

«አይሆንም፤» አለች ጣቷን በመጋጠሚያው ላይ እያስኬደች። «ይሄን የጋገረው ፋብሪካ ከጠፋ ስድሳ ዓመት ሆኖታል። አንዱ ሲነሣ አሥሩ ይሰበራል። ፈቃድ አልሰጥም።»

«ታዲያ ካሜራ እናድርግ፤» አለ አርክቴክቱ ሳይከፋው። «እዚህ ቴሌቪዥን እንሰቅላለን። በሌላ ቦታም ያደርጉታል።»

ግሌኒስ ትከሻዋን ሰበቀች። ኖርማንም መፍትሔ መሰለው። ጃያንት በሩ ሥር ተንበርክኮ እንጨት ሲያስተካክል ነበር። ቀና አለ።

«አባቴን በቴሌቪዥን?» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ይቅርታ፤ የኔ ጉዳይ አይደለም፤» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሻይ ሰዓት ኖርማን ጠየቀው። «አባትህ አሉ እንዴ?»

«ሞቷል። እዚሁ ነው የተቃጠለው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ፣ በየካቲት።» ጃያንት ቂጣውን ለሁለት ቆረሰ፤ አልበላውም። «ጎቪንድ ይባላል። የበኩር ልጁ እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ እሳቱን የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው፣ ይሄን ታውቃለህ። የሃይማኖት አባታችን እዚህ አገር መለኮስ አይፈቀድም፣ ሲገባ ካየህ ግን ይበቃል አለኝ። እሺ አልኩ። ሰንደል እንጨትና ንጥር ቅቤ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ መጣሁ። ጸሎቱ ገና ሳያልቅ የሌላ ሰው ለቅሶ ከውጭ ተሰልፏል። መጋረጃው ተዘጋ። እኔም ዞሬ ወደ ኋላ በር ሄጄ አንኳኳሁ።»

«እሺ።»

«አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ጎረምሳ ከፈተ። ልግባ አልኩት። አይቻልም አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። «ሁሉም የሰው አባት ነው» አለኝ። ቋጠሮውን ሰጠሁት፤ ከሱ ጋር አድርግልኝ ብዬ። ተቀበለኝና ዘጋው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።»

ኖርማን ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከዚያማ ከሰል ቤቱ ጥግ ቆሜ ግንቡን ወደ ላይ ሳይ ዋልኩ። በረዶ ነበር። ጭስ ካየሁ እሱ ነው ብዬ። ምንም አልወጣም። ቤት ስገባ እናቴ አየኸው? አለችኝ። አየሁት አልኳት። እስክትሞት ድረስ እንዳየሁት ነው የምታውቀው።»

«ሕጉ እንደዚያ ነበር፤» አለ ኖርማን። ድምፁ ለራሱም ደስ አላለውም።

«ሕጉን መቼ አነሣሁት?» አለ ጃያንት።

ኖርማን አሁን መላጣ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ግን ፀጉሩ እንደ ካሮት ቀይ ነበር።

በእሑዱ ከእህቱ ከአቭሪል ጋር ምሳ በላ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ ነው የሚበላው። ድንቹን በሹካ ሲያደቅቀው አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት።

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ቀይ ፀጉር የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። አለቃው ያኔም መላጣ ነበር።»

«በሩን መዝጋትህን ታስታውሳለህ?»

«እሱ ነው የባሰው። አላስታውስም። በስንቱ ላይ ዘግቻለሁ።»

አቭሪል ሳህኑን አነሣችና ቆመች። «ለራስህ ቀለል እንዲልህ ብለህ ልትነግረው ከሆነ ዝም በል። ለሱ የሚሆን ነገር ካለህ ግን ይዘህ ሂድ።»

ኖርማን የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ ሁለት ቀን አሰበ። በሕይወቱ ያጠራቀመው ነገር ቢኖር የዚህ ቤት ዕውቀት ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይመጡ ተነሥቶ ከሰል ቤቱ ገባ። ከሰል ቤቱ ከግንቡ በስተኋላ የተለጠፈ ረጅም የጡብ ክፍል ነው፤ እቶኖቹ ወደ ጋዝ ከተቀየሩ ወዲህ ለአሮጌ ወንበርና ለሣር ማጨጃ ማስቀመጫነት ነው ያገለገለው። ሥራ ሲጀምር የነበረው አለቃ አንድ ጊዜ የነገረው ትዝ አለው፦ ድሮ ከሰሉን በአካፋ ወደ እቶኑ ክፍል የሚያስገቡበት ሰፊ ቀዳዳ ነበር፤ ጋዝ ሲመጣ በሲሚንቶ ብሎኬት ደፍነው ለሰኑት። ንድፍ ላይ የለም። የደፈኑት ሰዎችም የሉም።

ኪሱ ውስጥ ባለው ሰንጢ ልስኑን የመዳፍ ያህል ፋቀው። ግራጫ ብሎኬት ታየ። ከዚያ ቢሮ ሄዶ ለኢሞጀን ደወለ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። የተፋቀውን ስታይ ፊቷ ቀላ። «አቶ ቴትሎው! ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

«ይሄ የተመዘገበ ሕንጻ ነው እኮ! እርስዎ ቢያንስ ያውቃሉ ብዬ—» ባትሪዋን አበራች። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ነካካችው። «ጡብ አይደለም።»

«አይደለም። ብሎኬት ነው። ድሮ የከሰል ቀዳዳ ነበር።»

«አስቀያሚ ነው።»

«አዎ።»

«በጣም አስቀያሚ ነው፤» አለች ደስ ብሏት። «ይሄንንማ ቢያፈርሱት ማንም አያለቅስለትም።»

በዚያው ሳምንት ሁሉም ተሰበሰቡ። ኢሞጀን ሦስት ነገር ጠየቀች። ቀዳዳው ከጥንቱ ወርድ አንድ ጣት እንዳይሰፋ፤ የከሰል ቤቱ የጡብ ወለል እንዳይነካ፤ ከጸሎት ቤቱ እስከ ከሰል ቤቱ ድረስ በውጭ ምንም ዓይነት ጣራ እንዳይሠራ። አርክቴክቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተቀበለ፤ እቶኑን አዙሮ ለማስቀመጥ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ እንደሚወስድ ጻፈ። በሦስተኛው ግን ቅር አለው።

«ያዘነ ሰው በዝናብ እንዲሄድ ነው የምትፈልጊው? ሠላሳ እርምጃ ነው።»

ጃያንት ከበሩ ዘንድ መጣ። በዚህ ጊዜ ይቅርታ አላለም። «አያቴን ወንዝ ዳር ድረስ በትከሻቸው ነው የወሰዱት። በዝናብ ወራት። ሠላሳ እርምጃ ማንንም አይገድልም።»

«ቢገድልም ቅርብ ነው፤» አለች ግሌኒስ። በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ጃያንት ሚስቱ የሠራችውን ጣፋጭ በቆርቆሮ ዕቃ ይዞ መጣ። የኖርማንን ትከሻ መታ አድርጎ፣ «ለኔ ብለህ ነው ያደረግከው አይደል? ላንተ ምንህ ነው?» አለው። ጣፋጩ የለውዝና የስኳር ነበር። ኖርማን አንዱን አንሥቶ መልሶ ዕቃው ውስጥ አስቀመጠው።

«ጃያንት፣ ያ ጎረምሳ እኔ ነኝ።»

ጃያንት አልገባውም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኖርማን መላጣ ወጣ፣ ወደ ቅንድቡም ወረደ፤ ቅንድቡ ላይ ቀዩ ጥቂት ቀርቷል። 

«መቼ አወቅክ?»

«የነገርከኝ ዕለት።»

«ለዚህ ነው ግድግዳውን ያገኘኸው?»

«ለዚህም ነው።»

«እኔ ደግሞ ወዳጅነት መስሎኝ ነበር፤» አለ ጃያንት። መሮዎቹን በየማኅደራቸው አስገባ፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቀለለ፣ የዕቃ ሣጥኑን ዘግቶ ወጣ። አንደኛው በር በሁለት የእንጨት መደገፊያ ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

ስድስት ቀን አልመጣም። በአራተኛው ቀን ግሌኒስ ኖርማንን ቢሮ ጠራችው። የሆነውን ሳይደብቅ ነገራት። መነጽሯን አወለቀች።

«አንድ ስም አላሳሳትኩም እያልክ ስንት ዓመት ስትኩራራብን፤» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ስንት ሰው ነው ያንን በር ያንኳኳው?»

«ብዙ ነው።»

«እኔም ሰባተኛ ዓመቴ ነው፤ ክፈት ብዬህ አላውቅም። ሂድ የኔ ዓለም፣ ሥራህን ሥራ።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጃያንት መጣ። ከማንም ጋር ሳይነጋገር እስከ ምሳ ሠራ። በሻይ ሰዓት ኖርማን ሁለት ኩባያ ቀድቶ ጠበቀው፤ ጃያንት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ክንዱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«ቋጠሮውን ምን አደረግከው?»

ኖርማን ይህን ጥያቄ ጠብቆት ነበር፤ ለስድስት ቀን የፈለገውም መልሱን ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወፍራም መዝገብ አወጣ። ግሌኒስ ቁልፉን ሰጥታው መዝገቦቹ ከተቀመጡበት ኮንቴይነር ያመጣው ነው። በወረቀት ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገለጠ።

«በመጀመሪያ አንብበው።»

ጃያንት መነጽሩን አደረገ። ስምንተኛው መስመር ላይ ነው፦ ሚስትሪ፣ ጎቪንድ፤ ስድሳ አንድ ዓመት። የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የሠራተኛው ፊርማ። ፊርማው የኖርማን ነው። ከጎኑ ባለው ጠባብ ዓምድ ላይ በሌላ ሰው እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ያልተፈቀደ ነገር ገብቷል። ቴትሎው ተገሥጿል» ይላል።

«ያልተፈቀደ ነገር ምንድን ነው?»

«ያንተ ቋጠሮ። እውነቱን ልንገርህ ጃያንት፣ አንተን አላስታውስህም። በሩን መዝጋቴንም አላስታውስም። ቋጠሮውን ግን ይሄን ሳይ አስታወስኩት። ሣጥኑ ላይ አደረግኩት፣ ከስሙ ሰሌዳ በታች፣ ደረቱ ላይ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ስጦታ ነገር መስሎኛል። ገፋ ሳደርገው ነበልባሉ በአንዴ ተንቦገቦገ። ቅንድቤን ለበለበኝ።»

«ተንቦገቦገ?»

«ቅንድቤን ነው የምልህ! አለቃው እየሮጠ መጣ፤ ምን ጨመርክበት ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭስ ማውጫ አስጠረገኝ። ክፍሉ ደግሞ ሁለት ቀን ሸተተ። ጥሩ ሽታ ነበር። እዚህ ቤት እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም፤ ምን እንደሆነም ሳላውቅ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።»

ጃያንት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በመዳፉ ዓይኑን ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ኖርማን ሊለይ አልቻለም፤ አልጠየቀውምም።

«ጥለኸው መስሎኝ ነበር፤» አለ በመጨረሻ። «ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ያ ልጅ ቋጠሮውን ቆሻሻ ውስጥ ነው የጣለው እያልኩ...»

«አልጣልኩትም።»

«ቅቤውን እናቴ ናት ያነጠረችው። የሰጠሁህ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው።»

«ግማሽ ኪሎ! ቤቱን ልታቃጥልብን ነበራ!»

አሁን መሳቁ ታወቀ። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣው። ስለ በሩ ግን ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም፤ ኖርማንም አልጠየቀም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሻይ አብረው ይጠጣሉ፣ ቂጣውም ይመጣል። ሆኖም ጃያንት አንዳንድ ቀን አንድም ቃል ሳይናገር ተቀምጦ ይነሣል። እንዲህ ባለ ቀን ኖርማን ጋዜጣውን ያነባል።

በሰኔ ብሎኬቱ ፈረሰ። ጥንታዊው ቀዳዳ ከላዩ የጡብ ቅስት ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ኢሞጀን ስታየው በደስታ ፎቶ አንስታ ልትጠግብ አልቻለችም። ወፍራም መስታወት ገባበት። አዲሱ እቶን በጣራው ወረደ፤ ማጣሪያውም ምድር ቤቱን ሞላው። ጣራው በየቁጥሩ ተመልሶ ተከደነ። ኖርማን በኮምፒውተር ስለሚታዘዘው እቶን የአምስት ቀን ሥልጠና ወሰደ፤ አልወደደውም፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን አሮጌውን ለሙዚየም ስጡልኝ ማለት ጀመረ።

ከመከፈቱ በፊት በነበረው ዓርብ ጃያንት የመጨረሻውን በር፣ የከሰል ቤቱን፣ ሊሰቅል መጣ። ሰቅሎ ሲጨርስ መስታወቱ ፊት ቆመ። ኖርማን ከወዲያ ማዶ ሆኖ መሣሪያ ሲፈትሽ ነበር። አየው፤ ምንም ሳይለው የእቶኑን መዝጊያ ከፈተና ነበልባሉን ለኮሰለት። ባዶ ነው፤ እሳት ብቻ። ጃያንት ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ አራት አምስት ደቂቃ ቆመ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰና ማጠፊያው ሲጢጥ ሰምቶ ዘይት ጨመረበት።

ጥቅምት ላይ ግንቡ ተከፈተ። በከሰል ቤቱ በኩል መጀመሪያ የሚገቡት ሂንዱዎች ይሆናሉ ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር። የመጡት ግን ወይዘሮ ኤድና ስኬልተን ነበሩ፤ የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊት፣ የኬልበርን ተወላጅ። ሟቹ ባላቸው ሲሪል በከተማው የብረት ማቅለጫ አርባ ዓመት ሠርቷል፤ ማቅለጫው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፏል። ወይዘሮ ኤድና ከጸሎት ቤቱ ወጥተው በዝናብ፣ በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ሠላሳውን እርምጃ ተራመዱ።

ኖርማን ከሰል ቤቱ ውስጥ ቆሞ ተቀበላቸው። የእቶኑን ማስጀመሪያ ቁልፍ አሳያቸው። «ከፈለጉ እርስዎ መጫን ይችላሉ። ካልፈለጉ እኔ እጫነዋለሁ።»

ወይዘሮ ኤድና ወደ መስታወቱ ተጠግተው ውስጡን በሚገባ መረመሩ። «ስንት ዲግሪ ነው?»

«ስምንት መቶ ሃምሳ።»

«ስምንት መቶ ሃምሳ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አባትሽ በሺህ ስድስት መቶ ነበር የሚሠራው። ይሄማ ለሱ ብርድ ነው።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ፤ እውነቴን ነው።» ቁልፉን ጫኑት። መዝጊያው ተነሣ፤ ሣጥኑ ገባ፤ መዝጊያው ወረደ። «ምን ያህል ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ...»

«እጠብቃለሁ። እኔ ከፈረቃው ሲወጣ ስጠብቀው ነው የኖርኩት።»

መቀመጫ እንዳልተዘጋጀ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። በአሥራ አንድ ወር ስብሰባ አንድም ሰው ወንበር የሚል ቃል አላነሣም። ኖርማን ከቢሮ ሁለት ወንበር አመጣ፤ ወይዘሮ ኤድና ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ኖርማን ወደ እቶኑ ክፍል ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ሲሠራ ሰው አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ ያልቆሸሸውን ወለል ጠረገ፣ ሙቀቱን ሦስት ጊዜ አየ። ቀና ባለ ቁጥር የአሮጊቷ ዓይን መስታወቱ ላይ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ረሳቸውና እንደ ወትሮው ሆነ።

ሲያልቅ መስታወቱን አንኳኩ። ወጥቶ ወደሳቸው ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ በጥንቃቄ ነው የምትሠራው፤» አሉት። «ሲሪል ሥራ የሚያውቅ ሰው ይወድ ነበር። አይቻለሁ።»

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ስኬልተን።»

«አውቶቡሱ አሁንም ከበሩ ፊት ነው የሚያቆመው?»

ልጃቸው መኪና አለ ብትልም በአውቶቡስ ነው የመጣሁት በአውቶቡስ ነው የምሄደው አሉ። ዝናቡ አላቋረጠም። ኖርማን ትልቁን ዣንጥላ ይዞ እስከ ማቆሚያው ሸኛቸው፤ ልጃቸው በዝናብ ከኋላ ትከተላለች፤ ወይዘሮ ኤድናም መንገዱን ሙሉ ብረት ሲቀልጥ ቀለሙን አይቶ ሙቀቱን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ሲያስረዱት ሄዱ።